65 እጥፋት፦ የገና ዕረፍት የዋና ማስታወሻ

ኅዳር 29 ቀን 2017 (ዲሴምበር 8፣ 2024)፣ እሑድ

ትናንት ማታ 1650 ያርድ ዋኘሁ። 17:48.60። ከአምናው ምርጥ ሰዓቴ በ6 ሰከንድ ይሻላል። ደስ ብሎኝ ተኛሁ ማለት ግን አልችልም፤ ሌሊቱን አንዷ የቡድናችን ልጅ የቀረጸችውን ቪዲዮ ደጋግሜ ሳይ አደርኩ።

ለማያውቀው ላስረዳ። የአሜሪካ ኮሌጆች የሚወዳደሩበት ገንዳ በሜትር ሳይሆን በያርድ ይለካል። አንዱ ርዝመት 25 ያርድ፣ ማለትም 22.86 ሜትር ነው። 1650 ያርድ ለመጨረስ ያንን ገንዳ 66 ጊዜ ማቋረጥ፣ 65 ጊዜ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተገልብጦ መመለስ ያስፈልጋል፤ እጥፋት የምለው ይህን መገልበጥ ነው። ከኦሎምፒኩ 1500 ሜትር ጋር ወንድማማች የሆነ ውድድር ነው።

ቪዲዮው ላይ ያየሁት ይህን ነው። መሀል ገንዳ ላይ በጎኔ ካለችው ልጅ ጋር እኩል ነን። እንዲያውም ቀስ በቀስ እቀድማታለሁ። ግድግዳው ጋ ደርሰን ስንወጣ ግን እሷ በግማሽ ክንድ ቀድማ ብቅ ትላለች። ያችን ግማሽ ክንድ 20 ያርድ ሙሉ ለፍቼ አስመልሳለሁ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ መልሼ አስረክባታለሁ። እንዲህ እያልን 65 ጊዜ።

በፌብሩዋሪ በሚደረገው የኮንፈረንስ (እርስ በርስ የምንወዳደር ኮሌጆች ምድብ) ውድድር 17:30 መግባት እፈልጋለሁ። ይቀረኛል 18.6 ሰከንድ። ለ65 ሲካፈል 0.29 ሰከንድ አካባቢ ይመጣል። በክንዴ ብቻ 18 ሰከንድ ማውረድ ተራራ መውጣት ነው፤ ከእያንዳንዱ እጥፋት ሲሶ ሰከንድ መቀነስ ግን በእጅ የሚጨበጥ ሥራ ሆኖ ታየኝ። ስለዚህ የዚህ የገና ዕረፍት ሥራዬ እጥፋቴን አፍርሶ እንደገና መሥራት ነው። የሄድኩበትን እዚህ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 1 (ዲሴምበር 10)፣ ማክሰኞ

ከመሥራት በፊት መለካት። ከግድግዳው 5 ያርድ ራቅ ብሎ፣ በጀርባ ለሚዋኙ ምልክት የሚሆኑ ትናንሽ ባንዲራዎች በገመድ ተሰቅለዋል። ጭንቅላቴ ባንዲራው ሥር ገብቶ፣ ታጥፌ፣ ተመልሶ ባንዲራው ሥር እስኪያልፍ ያለውን ጊዜ ልለካ ወሰንኩ። ስልኩን በሦስት እግር መቆሚያ ገንዳው ዳር አቆምኩት። በሰከንድ 240 ምስል ስለሚያነሳ ምስሎቹን መቁጠር ብቻ ነው።

10 እጥፋት፤ አማካዩ 5.62 ሰከንድ። ከዊስኮንሲን የመጣችው የሌን (የመዋኛ መስመር) ጓደኛዬ በተመሳሳይ ፍጥነት ዋኝታ 5.24። በመሀል ገንዳ የምበልጣት ልጅ ናት።

አሰልጣኛችን ቪዲዮውን አብረውኝ አዩት። ጸጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ አንቱታ ባይኖርም እኔ በልቤ በአማርኛ ሳስባቸው ሁልጊዜ አንቱ ናቸው። ሦስት ነገር አሳዩኝ።

አንደኛ፣ ግድግዳውን ለማየት ቀና እላለሁ። ቀና ሲሉ ዳሌ ይሰምጣል፣ ዳሌ ሲሰምጥ ገላ እንደ መልሕቅ ይጎትታል። የገንዳው ወለል ላይ ያለው ጥቁር መስመር ግድግዳው ሳይደርስ አግድም ተሰምሮበት ያልቃል፤ ያንን አይቶ ርቀቱን መገመት ነው እንጂ ቀና ማለት አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ከመገልበጤ በፊት ባለው የመጨረሻ ቀዘፋ እተነፍሳለሁ፣ ከግድግዳው ስወጣም በመጀመሪያው ቀዘፋ እተነፍሳለሁ። ሁለቱም ፍጥነት ይገድላሉ። ሦስተኛው የባሰው ነው፦ ከግድግዳው ርቄ ስለምገለበጥ እግሬ ሲያርፍ ጉልበቴ ተዘርግቶ ነው። ጉልበቱን ሳያጥፍ ከመሬት ለመዝለል የሞከረ ሰው ምን ያህል ከፍ ይላል? የእኔም ግፊት እንደዚያው ነው።

የ1650 አማካይ ፍጥነቴን አሰላሁት፤ በሰከንድ 1.41 ሜትር። ግድግዳ ገፍቶ የወጣ ሰው ግን በመጀመሪያዋ ቅጽበት በክንዱ ሊደርስበት ከሚችለው ፍጥነት በላይ ይሄዳል። ገንዳው በነፃ የሚሰጠኝን ይህን ፍጥነት ነው 65 ጊዜ ሳልቀበል የማልፈው።

ታኅሣሥ 3 (ዲሴምበር 12)፣ ሐሙስ

ስለ ምግብ መጻፍ አለብኝ፤ ይህን የሚያነብ የሐበሻ ልጅ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ እሱን ነውና።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ገብቷል፤ የሚፈታው ለገና ነው። የዓመቱ ከባድ ልምምዳችን የሚውለው ልክ እዚህ መሀል ነው። ሌሎቹ ከገንዳ ወጥተው እንቁላልና የቸኮሌት ወተት ሲያነሱ እኔ ሁለቱንም አልነካም። አምና ጾሙን ጀምሬ በሦስተኛው ሳምንት ተውኩት፤ ከዚያ በኋላ ወሩን ሙሉ ውስጤ ሲቆጨኝ ከረመ። ዘንድሮ አስቀድሜ የንስሐ አባቴን አማከርኳቸው። የልምምዱን ሰዓት አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ፣ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆየቱን ለጊዜው ተዪው ልጄ፤ ከጥሉላት ግን ተከልከዪ፤ ጸሎትሽንም እንዳታጓድዪ» አሉኝ። ከባድ ሸክም ከትከሻዬ ወረደ።

ስለዚህ ጥያቄው፣ በቀን 10 ኪሎ ሜትር የሚዋኝ ሰው በጾም ምግብ እንዴት ይጠግባል የሚለው ሆነ። መልሱ ብዙ መብላት ነው፤ ቀላል ይመስላል ግን ሥራ ነው። ከጠዋት ልምምድ በፊት ሙዝና ዳቦ በለውዝ ቅቤ። ገንዳው ዳር የማስቀምጠው ጠርሙስ ውስጥ በሶ በስኳር የተበጠበጠ። በሶን ለቡድኑ ያስተዋወቅኩት አምና ነው፤ ዘንድሮ ሁለት ልጆች ራሳቸው ይጠይቁኛል። የተቆላ ገብስ ዱቄት ነው ብያቸው እስካሁን የማያምን አለ፤ በየመደብሩ በውድ የሚሸጠውን የስፖርተኛ መጠጥ ሥራ ይሠራልና። ምሳ ምስርና ሩዝ፣ እራት ሽሮ ወይም ባቄላ፣ ማታ ቆሎ።

አንድ ጥንቃቄ አለኝ። በመስከረም ባስመረመርኩት ደም የብረት ክምችቴ ዝቅ ብሎ ተገኝቶ ነበር። በረዥም ርቀት ስፖርት ሴቶች ላይ የሚዘወተር ነገር ነው። ሐኪሟ ያዘዘችልኝን እንክብል ከብርቱካን ጭማቂ ጋር እወስዳለሁ፤ ቡናና ሻይ የብረትን መዋጥ ስለሚቀንሱ ከምግብ ሰዓት አራቅኋቸው። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነው። ምስር በልቶ ቡና አለመጠጣት።

ታኅሣሥ 6 (ዲሴምበር 15)፣ እሑድ

የፈተና ሳምንት ነው። ልምምድ በቀን አንዴ፣ አጭር።

ዛሬ ቡዳፔስት ላይ በ25 ሜትር ገንዳ የተደረገው የዓለም ሻምፒዮና አለቀ። አሜሪካዊቷ ግሬቸን ዋልሽ በስድስት ቀን ውስጥ፣ የዱላ ቅብብሉን ጨምሮ፣ 11 የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች። 100 ሜትር ቢራቢሮ 52.71፣ 50 ሜትር ፍሪስታይል 22.83። ከባዮሎጂ ደብተሬ ተነስቼ ተነስቼ አየኋት። የምትበልጣቸው ውኃው ላይ ብቻ አይደለም። ግድግዳውን ገፍታ እንደ ዶልፊን እየተወዛወዘች ከውኃ በታች ስትሄድ ነው ልዩነቱ የሚታየው። ሕጉ ጭንቅላት 15 ሜትር ላይ ከውኃ እንዲወጣ ያስገድዳል፤ እሷ ያንን 15 ሜትር እስከ መጨረሻው ትጠቀምበታለች።

እኔ 1650 ላይ እንደዚያ ላድርግ ብል በአሥረኛው ርዝመት አየር ያልቅብኛል። አሰልጣኛችን ሁለት የዶልፊን ምት ይበቃሻል ብለዋል። እስካሁን ምንም አልመታም ነበር፤ ገፍቼ ወዲያው መቅዘፍ ነው።

ታኅሣሥ 10 (ዲሴምበር 19)፣ ሐሙስ

ትምህርት ቤቱ ባዶ ሆነ። የቀረነው ዋናተኞች፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾችና በረዶ የሚጠርጉ ሠራተኞች ነን። መኝታ ቤቶቹ ተዘግተው ሁላችንንም አንድ ሕንፃ ውስጥ አሰባሰቡን። ካፊቴሪያውም ተዘግቷል፤ የምናበስለው ራሳችን ነን፣ አንድ ምድጃ ለ14 ሴቶች። ትናንት ማታ ሽሮ ሠርቼ ስምንቱ በሉ። እንጀራ ስላልነበረ በዳቦ።

ዛሬ የመጀመሪያው ሙሉ ቀን ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ ሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ 6,200 ያርድ፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ተኩል ሌላ 5,000። በመሀል የክብደት ሥራ። ሲደመር ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በትምህርት ወቅት የዚህ ግማሽ ነው የምንዋኘው። አሁን ክፍል የለም፣ የቤት ሥራ የለም፤ ውኃ፣ ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ውኃ። ከገንዳው እስከ መኝታው ያለው መንገድ 4 ደቂቃ ነው፤ ከኮፍያዬ ሥር ያመለጠው ጸጉሬ እስክደርስ ደርቆ እንደ ሽቦ ይቆማል። ሚኒሶታ።

እናቴ ስልክ ደውላ፣ «ለዚህ ሁሉ ድካም ይከፍሉሻል?» አለችኝ። አይከፍሉም። የእኛ ኮሌጅ ያለበት የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርት ሦስተኛው ዲቪዚዮን (ምድብ) ከ400 በላይ ትምህርት ቤቶች አሉበት፤ በስፖርት ስም ስኮላርሺፕ መስጠት በደንቡ ክልክል ነው። እዚህ ሕንፃ ውስጥ ያለነው ሁላችንም የመጣነው ወደን ነው። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት ዝም አለች፤ ከዚያ፣ «እንግዲያው ቢያንስ ጸጉርሽን ሳታደርቂ አትውጪ» አለችኝ።

የእጥፋት ሥራ፦ ከልምምዱ በኋላ ሁሉም ሲወጣ እኔና የዊስኮንሲኗ እንቀራለን። ከገንዳው መሀል ተነስቶ በሙሉ ፍጥነት ወደ ግድግዳ፣ ታጥፎ ወደ መሀል። 20 ጊዜ። ከባንዲራው ወዲህ ቀና ማለትና መተንፈስ የለም።

ታኅሣሥ 13 (ዲሴምበር 22)፣ እሑድ

ለካሁ። 5.71። ከመጀመሪያው ባሰ።

አሰልጣኛችን አልገረማቸውም። አሁን ወደ ግድግዳው ስለተጠጋሁ ጉልበቴ በደንብ ይታጠፋል፤ ግን በመጠጋቴ ፈርቼ ከመገልበጤ በፊት ፍጥነቴን እይዛለሁ። ተረከዜን ሁለት ጊዜ ከጠርዙ ጋር አጋጭቻለሁ፤ አንደኛው አብጧል። ገላዬ ግድግዳውን ይፈራዋል፤ ጭንቅላቴ አትፍራ ሲለው አይሰማውም። 20 ጊዜ ጠዋት፣ 20 ጊዜ ከሰዓት። ሌላ መንገድ የለም።

ታኅሣሥ 15 (ዲሴምበር 24)፣ ማክሰኞ

አራት ቀን ዕረፍት፣ ሴንት ፖል፣ እናቴ ቤት። የፈረንጅ ገና ዋዜማ ስለሆነ መንገዱ ጭር ብሏል፤ የእኛ ቤት ግን ገና ጾም ነው። የሱፍ ፍትፍት ጠበቀኝ።

ዛሬ ቀኑን የወሰደው ጸጉሬ ነው። ክሎሪን ለእንደኛ ዓይነቱ ጸጉር ምሕረት የለውም፤ ቅባቱን አጥቦ ይወስድና እንደ ገለባ ይሰባብረዋል። እናቴ ወለል ላይ አስቀምጣኝ፣ ጉልበቷ መሀል አድርጋ፣ በቅባት እያሸች ሹሩባ ሠራችኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀ። የተማርኩትን ለታናናሾቼ ልጻፍ፦ ገንዳ ከመግባት በፊት ጸጉርን በንጹሕ ውኃ ማራስ። ውኃ የጠጣ ጸጉር የገንዳውን ውኃ ያን ያህል አይጠጣም። ከዚያ ቅባት፣ ከዚያ ቆብ። ልምምዱ እንዳለቀ ወዲያው መታጠብ፤ «ቤት ስደርስ» ማለት የለም።

ቆቡም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ተራው የዋና ቆብ ሹሩባን አይችልም፤ ወይ ይቀደዳል ወይ በመሀል ሾልኮ ይወጣል። ለወፍራም ጸጉር የተሠራውን ሶውል ካፕ የሚባለውን ቆብ ዓለም አቀፉ የዋና ፌዴሬሽን ከቶኪዮ ኦሎምፒክ በፊት በ2021 አልፈቀደውም ነበር፤ የፈቀደው በሴፕቴምበር 2022 ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ጸጉሬን ልቁረጠው ወይስ ዋናውን ልተው ብዬ ያለቀስኩባቸው ማታዎች አሉ። ሲሞን ማኑኤል ሪዮ ላይ በ2016 በ100 ሜትር ፍሪስታይል ወርቅ ስታገኝ፣ በግል የዋና ውድድር የኦሎምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ስትሆን፣ እናቴ ቴሌቪዥኑን እያየች ያለችው ትዝ ይለኛል፦ «እሷ ጸጉሯን ምን ታደርገዋለች?» ሌላው ሰው ሰዓቷን ነው የጠየቀው። የእናቴ ጥያቄ ግን የእኔም ጥያቄ ነበር።

እናቴ ባሕር ዳር ነው ያደገችው። ጣናን በየቀኑ እያየች። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ግን ገብታበት አታውቅም፤ ሴት ልጅ ውኃ ዳር የምትሄደው ልትቀዳ ወይ ልታጥብ ነው፣ ጉማሬውም አለ። ስድስት ዓመቴ ላይ ለዋና ትምህርት ያስመዘገበችኝ እሷ ናት። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ «ይህ አገር 10,000 ሐይቅ አለኝ ይላል፤ ልጄን በአንዱ እንዳልነጠቅ ብዬ» አለችኝ። ሚኒሶታ በመኪና ታርጋዋ ላይ ሳይቀር የምትጽፈው ነገር ነው።

ታኅሣሥ 19 (ዲሴምበር 28)፣ ቅዳሜ

ወደ ፍሎሪዳ። ብዙ የኮሌጅ ቡድኖች የገና ዕረፍታቸውን ፀሐይ ባለበት ነው የሚያሳልፉት። ከወጪው ግማሹን በጋራ ለምነን ሰበሰብን፤ ቀሪውን በበጋ ሐይቅ ዳር የነፍስ አድን ጠባቂ ሆኜ ካገኘሁት ከፈልኩ።

ዛሬ ገብርኤል ነው። እናቴ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ አውሮፕላን ማረፊያ አደረሰችኝ። ሻንጣዬ ውስጥ 3 ኪሎ በሶ አለ። ስትሰናበተኝ፣ «ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣ አንቺን ከውኃ ያውጣሽ» አለችኝ። ግንባሬን ስማ፣ ቆቤን ወደ ጆሮዬ ጎትታ።

ታኅሣሥ 21 (ዲሴምበር 30)፣ ሰኞ

ፎርት ላውደርዴል። ገንዳው ከባሕሩ ዳርቻ ጥቂት እርምጃ ነው፤ ጨው ይሸታል። የኮሌጅ ዋናተኞች ከ1930ዎቹ ጀምሮ በገና ሰሞን እዚህ ከተማ ይመጣሉ። ዓለም አቀፉ የዋና የዝና አዳራሽ በ1960ዎቹ የተከፈተውም እዚሁ ነው። አሁን 27 ሜትር ከፍታ ያለው የመጥለቂያ ማማ ቆሞበታል፤ ሥሩ ሆኜ ወደ ላይ ሳይ አንገቴ አመመኝ።

የልቤ ጉዳይ ግን ሌላ ነው። ገንዳው 50 ሜትር ነው። እጥፋት ልሠራ መጥቼ እጥፋት የሌለበት አገር ገባሁ! ቤት ውስጥ 100 ስዋኝ ሦስቴ እታጠፋለሁ፤ እዚህ አንዴ ብቻ። አሰልጣኛችንን በጭንቀት ስጠይቃቸው፣ ክንድሽ እዚህ ይጠነክራል፣ እጥፋቱን ደግሞ እያንዳንዱን እያሰብሽ ሥሪ አሉኝ። እውነትም እዚህ ለማሰብ ጊዜ አለ። 40 ሜትር ሙሉ ስለሚመጣው ግድግዳ አስባለሁ።

ታኅሣሥ 23 (ጃንዋሪ 1)፣ ረቡዕ

የፈረንጅ አዲስ ዓመት። እንደ ብዙ ቡድኖች ልማድ 100 ጊዜ 100 ሜትር ዋኘን።

በየ1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ መነሳት፤ በ1:28 የገባ ሰው 12 ሰከንድ ያርፋል። መቶው እስኪያልቅ፣ የመሀሉ ዕረፍት ሳይቆጠር፣ 2 ሰዓት ከ47 ደቂቃ ይወስዳል። አንድ ሌን ውስጥ አምስት ነን፣ በየ5 ሰከንድ ተከታትለን እንነሳለን። አሥር በአሥር መሪ እንቀያየራለን።

እኔ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ። 100 እጥፋት አለ፤ ሁሉንም ከባንዲራ እስከ ባንዲራ ሳልተነፍስ፣ ሳላይ፣ በሁለት ዶልፊን ምት። ከኋላዬ የነበረችው የዊስኮንሲኗ በየጊዜው የሳትኩትን እንድትነግረኝ ተስማማን።

እስከ 30 ድረስ ቀላል ነበር። ከ30 እስከ 50 ሳንባዬ መጮኽ ጀመረ፤ ግድግዳው ሲመጣ አፌ ራሱ ሊከፈት ይፈልጋል። 50 ላይ 5 ደቂቃ ዕረፍት ነበረን፤ በሶዬን ጨለጥኩ። ከ60 እስከ 75 ያለውን ብዙም አላስታውሰውም። ጀርባዬ በፀሐይ ተቃጥሏል፣ ትከሻዬ የሌላ ሰው ትከሻ ሆኗል። የሳትኳቸው ሁሉ ማለት ይቻላል እዚያ ውስጥ ናቸው። ከዚያ 80 አካባቢ የሆነ ነገር ሆነ፤ እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ግድግዳውን መፈለግ አቆምኩ። ወለሉ ላይ ያለው መስመር ሲያልቅ ገላዬ ራሱ ተገለበጠ። እግሬ ሲያርፍ ጉልበቴ ታጥፎ አገኘሁት። አላዘዝኩትም።

83 ከ100። ከውኃው ስወጣ እግሬ ስላልያዘኝ ሁለት ልጆች ደግፈው አወጡኝ።

ታኅሣሥ 26 (ጃንዋሪ 4)፣ ቅዳሜ

ቀኝ ትከሻዬ ታመመ። ከመቶው ማግስት ጀምሮ ይሰማኝ ነበር፤ አልተናገርኩም። ይህ ጥፋቴ ነው። ዛሬ ጠዋት ክንዴን ሳነሳ ስለት የመሰለ ነገር ወጋኝና አሰልጣኛችን አይተው ከሌኑ አወጡኝ። «መቼ ጀመረሽ?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ዝም ብለው መነጽራቸውን አወለቁ። እሱ ከቁጣ ይብሳል።

የቡድኑ የጤና ባለሙያ ጅማቱ ተቆጥቷል እንጂ አልተጎዳም አለችኝ። ሁለት ቀን በክንድ መዋኘት የለም፤ እግር ብቻ። ማታ በረዶ አድርጌ መስኮት ዳር ተቀምጬ ሌሎቹ ወደ ባሕሩ ሲሮጡ አየሁ። ጾም፣ ድካም፣ ናፍቆት አንድ ላይ መጡብኝ። ከማልቀስ ውዳሴ ማርያም ደገምኩ። ተኛሁ።

ታኅሣሥ 29 (ጃንዋሪ 7)፣ ማክሰኞ፤ ገና

ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሚኒያፖሊስ አረፍን። ሌሎቹ በአውቶቡስ ወደ ኮሌጅ ሄዱ፤ እኔ ለአንድ ቀን ፈቃድ ጠይቄ ነበር። እናቴ ነጠላዬን በዘንቢል ይዛ መውጫው ላይ ቆማ አገኘኋት። በቀጥታ ወደ ቤተ ክርስቲያን።

ማኅሌቱ ሞቆ ነበር። ከበሮው ሲመታ ደረቴ ውስጥ ይሰማኛል። አሥር ቀን ሙሉ ጆሮዬን የሞላው የውኃ ድምፅ ነበር፤ አሁን በአንዴ ያ ሁሉ ጽናጽል፣ ያ ሁሉ ዕጣን። ስግደት ላይ ጭኖቼ ተንቀጠቀጡ። መቋሚያ የያዙ አንድ አዛውንት አይተውኝ ዝም ብለው መቋሚያቸውን አቀበሉኝ፤ እሳቸው ግድግዳ ተደገፉ። አፈርኩ፣ ግን ወሰድኩት።

ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ቤት ደርሰን እናቴ የዶሮውን ወጥ ከፈተችው። ከአርባ ቀን በላይ ጾም። የመጀመሪያውን ጉርሻ እሷ አጎረሰችኝ። ከዚያ እስከ ከሰዓት ተኛሁ።

ጥር 3 (ጃንዋሪ 11)፣ ቅዳሜ

ወደ 25 ያርዱ ገንዳ ተመለስን። የመጀመሪያው ቀን ግድግዳው በጣም ቶሎ ቶሎ ይመጣል፤ እንደ ጠባብ ክፍል ሆነብኝ። ትከሻዬ ደህና ነው፤ በየማታው በላስቲክ የምሠራውን አላቋረጥኩም።

ስልኩን አቆምኩ። 10 እጥፋት፣ እንደ ዲሴምበሩ፣ በተመሳሳይ ፍጥነት። 5.36። ሦስቴ ቆጠርኩት፣ ተሳስቼ እንደሆነ ብዬ። ከዚያ 3,000 ያርድ ዋኝቼ ደክሞኝ ሳለ ሌላ 10 ለካሁ፤ 5.47። ሲደክመኝ የምጥለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የዶልፊን ምት ይቀራል። ትንፋሹን ግን እጠብቃለሁ።

የዊስኮንሲኗ ቁጥሩን ስታይ ጮኸች። እሷም በዚህ መሀል ወደ 5.15 ወርዳለች፤ በየቀኑ አብራኝ ቀርታ የለ።

ጥር 10 (ጃንዋሪ 18)፣ ቅዳሜ፤ ከተራ

ከዕረፍት በኋላ የመጀመሪያው ውድድር፣ በእኛ ገንዳ። ብርዱ ከባድ ነው። እናቴ መጣች። በሥራዋ ምክንያት ኮሌጅ ከገባሁ ወዲህ ስዋኝ ያየችኝ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ዛሬ ማታ ለከተራ ስለምንሄድ ነጭ ቀሚሷን ካፖርቷ ሥር ለብሳ ነው የመጣችው።

1000 ያርድ፤ 40 ርዝመት፣ 39 እጥፋት። ልምምዱ ገና ስላልተቀነሰልን ሁላችንም እግራችንን እየጎተትን ነው የቆምነው። አጠገቤ ባለው ሌን የቆመችው በዲሴምበሩ ውድድር ግድግዳ ላይ ስትቀድመኝ የነበረችው ያቺው ልጅ ነበረች።

በረዥም ርቀት ላይ በገንዳው ማዶ አንድ ሰው ተንበርክኮ የርዝመት ቁጥር የተጻፈበትን ሰሌዳ ውኃ ውስጥ ይነክርልናል። የእኔን የያዘችው የዊስኮንሲኗ ናት። እስከ 15 ድረስ ዝም ብላ ያዘችው። ከ17 ጀምሮ ሰሌዳውን መነቅነቅ ያዘች፤ ፍጠኚ ማለት ነው። 26ኛው እጥፋት ላይ ቀና አልኩ፤ ወዲያው አወቅሁት፣ ዳሌዬ ሲሰምጥ ተሰማኝ። 31ኛውም ላይ እንደዚያው። ሌሎቹ ያለ እኔ ትእዛዝ ሄዱ።

10:46.35። አምና በዚህ ወቅት 10:58 ነበርኩ። ልጅቷን በ2 ሰከንድ ቀደምኳት።

እናቴ መደገፊያውን ይዛ ቆማ ነበር። ገላዬ ላይ ፎጣ እየጠቀለለች፣ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ መሀል ላይ እኩል ናችሁ፤ እዚያ ጥግ ደርሳችሁ ስትመለሱ ግን ሁልጊዜ አንቺ ነሽ ቀድመሽ የምትወጪው። እዚያ ምን አለ?» አለችኝ።

ስለ እጥፋቱ አንድም ቀን ነግሬያት አላውቅም ነበር። መኪና ውስጥ፣ ወደ ከተራው ስንሄድ፣ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከዚያው እቀጥላለሁ፤ ከገንዳው መሀል ወደ ግድግዳ 20 ጊዜ፣ ሲደክመኝ የሚጠፋውን ሁለተኛውን ምት ፍለጋ።